ሰው የሌለበት በረንዳ

ኮልካታ፣ አሂሪቶላ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ለልጄ ለፖልቱ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ተቀይመውኛል ወይ?» ብለህ ሦስት ቦታ ጠይቀሃል፤ አንዱ ይበቃ ነበር። አልተቀየምኩም። የተቀየመች ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ እርጥብ ልብስ ታቅፋ ወጥ ቤት ውስጥ አትቆምም፤ በረንዳ ላይ ወጥታ ሰፈሩን ታስነሳለች እንጂ።

ሁሉንም ወደየቦታው መልሻለሁ። ሬዲዮኑን፣ ዱካዬን፣ በሰናፍጭ ዘይት የነከርኩትን ቁርቁራ ከነብልቃጡ፣ ብርድ ልብሱን። የልብስ ማስጫውን ገመድ አንተ ፈትተህ ስለጣልከው አስተሳሰሩ ጠፍቶብኝ የልብስ ሰፊውን ሚስት ከታች ጠርቼ አብረን አሰርነው። «የወንድምሽ ልጅ ይህን ሁሉ ያነሳው ሊያጸዳልሽ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ፎቶ ሊያነሳ ነው» አልኳት። «ፎቶማ ሲነሳ ዕቃ ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አንተ ከስድስት ዓመት በኋላ መጥተህ፣ ሳምንቱን ሙሉ በየመንደሩ የሚፈርስ ቤት ስታነሳ ሰንብተህ፣ የእኔን በረንዳ ለመጨረሻው ቀን ማቆየትህ ራሱ ደስ ብሎኛል። «ፒሺማ፣ አክስቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አልከኝ፤ ፈቀቅ አልኩ። አለቀ።

ስለ ሃራዳን ለጠየቅኸኝ፤ የአጎቴ ልጅ ስለሆነ ክፉ አልናገርበትም፣ ጥቂት ብቻ እናገራለሁ። የሦስቱን ወራሽ ቤተሰቦች ድርሻ ገዝቶ ጨርሷል። ከአንድ ህንፃ ሠሪ ጋር ተስማምቶ ቤቱን አፍርሶ አምስት ፎቅ ሊያቆም ነው። የቀረው፣ እስከኖርኩበት ድረስ የእኔ የሚሆነው ሁለት ክፍልና በረንዳው ነው። የሚኖርበትን ሰው ማስወጣት ስለማይችል፣ «እዚያ አትኖርም፣ ባራናጋር ጓደኛዋ ቤት ነው የምታድረው» ብሎ ከሶኛል። ሰባ አንድ ዓመት የተኛሁበትን አልጋ እኔ አላውቀውም፣ እሱ ያውቀዋል።

ደግሞ የዘንድሮው የእንስት አምላካችን የዱርጋ በዓል ተራ የእኛ ቤተሰብ ነው። በአምስት ዓመት አንዴ ነው የሚደርሰን። የሚቀጥለው ሲደርስ ሰባ ስድስት ዓመት ይሆነኛል፤ እሱን ቁጥር እኔ አላምነውም። ኦክቶበር ላይ የሸክላውን ምስል ግቢያችን ውስጥ አቁሜ መብራቱን በገዛ እጄ ካበራሁ ሌላ የምፈልገው የለኝም።

ፎቶውን አጥበህ ላክልኝ። ለማየት ጓጉቻለሁ።

አክስትህ ኒሃርካና


ቦምባይ፣ ዳዳር
ኤፕሪል 20 ቀን 1996

ለተከበሩ ፒሺማ፣

በሩቁ ሆኜ እግርዎን እነካለሁ። ፎቶው ለምን እንደዘገየ ሁለት ጊዜ ጽፈው ጠይቀውኛል፤ ሁለቴም ሳልመልስ ቀረሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የማጠቢያው ወረቀት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ደግሞ በትልቁ አሳጥቤ ልልክልዎ ብዬ ነው።

አንድ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ፎቶዎን (የእርስዎን ልበለው እንጂ) ለአገር አቀፍ ውድድር ልኬው አንደኛ ወጣ። አሁን አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ለብቻው አንድ ግድግዳ ተሰጥቶት ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሠርግ ሳነሳ፣ ሙሽራን «ፈገግ በይ» ስል ኖሬ፣ ዛሬ ሰዎች እኔ ያነሳሁት ነገር ፊት ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ትልቅ መጽሔት ቋሚ ሥራ ሊሰጠኝ እያነጋገረኝ ነው።

«ከተቆራረሰ ልስንና ከተሰበረ መስኮት ምን አገኘህበት?» ብለዋል። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ከግድግዳው ስንጥቅ የበቀለችው የዋርካ ችግኝ፣ በቀለም መስተዋቱ ስባሪ የሚገባው ብርሃን፣ አያቴ ያስቀቡት አረንጓዴ መዝጊያ፤ ሁሉም ባለበት ዝም ብሏል። ይህች ከተማ ምን ያህል ሀብታም እንደነበረችና ምን ያህል ቀስ ብላ እንደምታረጅ የሚታየው ሰው ዞር ሲል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ካለበት ተመልካቹ የሚያዝነው ለሰውየው ነው፤ ቤቱን አያየውም።

ፎቶው ስም ወጥቶለት እንደሆነ ጠይቀዋል። ስም ያው ለአዘጋጆቹ ደንብ ያህል የሚሰጥ ነገር ነው፣ እምብዛም ፍሬ የለውም። ከፎቶው ጋር ስልክልዎ ያዩታል።

በጤናዎ ይቆዩልኝ። ያ የጉልበትዎ ነገር እንዴት ሆነ?

ልጅዎ ፖልቱ


ኮልካታ
ጁን 9 ቀን 1996

ፖልቱ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ፎቶህ ደረሰኝ፤ አንተ ግን አይደለህም የላክህልኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሃራዳን መጣ። በእጁ የጣፋጭ ሳጥን ይዟል። ሃራዳን ጣፋጭ ይዞ ሲመጣ ወገብን ጠበቅ ማድረግ ነው። ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ልጁ ፈተና አወራኝ። ከዚያ ከኪሱ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። በረንዳዬን አየሁት። ስምህም አለ፤ ቲርታንካር ተብለህ በሙሉ ስምህ። ከሥሩ «የመጨረሻው ሰው ከሄደ በኋላ» ይላል። በደቃቅ ፊደል ደግሞ «ነዋሪዎቹ ከሃያ ዓመት በፊት ጥለውት የሄዱ የሰሜን ኮልካታ ቤት» ይላል። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት።

«እትዬ፣ ይኸው የገዛ ወንድምሽ ልጅ መሰከረልኝ» አለ።

«ምን ብሎ?»

«እዚህ ማንም የለም ብሎ።»

«ታዲያ አሁን ቁጭ ብለህ ሻይ እየጠጣህ ማንን ነው የምታናግረው?»

«በሕግ ፊት? ማንንም» አለና ከት ብሎ ሳቀ። እኔም አስቆኝ ሳቅሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ጣፋጩን በላሁት፤ ጣፋጩ ምን አጠፋ።

ቁራጩን የክሱ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ጠበቃዬ አናንጋ ባቡ፣ የድሮ ተማሪዬ ባል ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል። ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ያነሳሃቸው ፎቶዎች ነበሩ አይደል? ልብሱ ገመዱ ላይ ተሰጥቶ፣ እኔም ጎንበስ ቀና እያልኩ። እነሱን፣ ከነሱም ጋር «ዕቃውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አክስቴ እዚያ ትኖራለች» የሚል የቃለ መሐላ ወረቀት። ቀጠሮው ጁላይ 22 ነው።

በሁለት መስመር ጽፈህ ብትልክ ይበቃል። አንተ ያው ሥራ ይበዛብሃል።

አክስትህ


ቦምባይ
ጁላይ 12 ቀን 1996

ለተከበሩ ፒሺማ፣

«ምነው ዝም አልክ? ታመሃል እንዴ?» ያሉበት ፖስታ ካርድዎ ደርሶኛል። አልታመምኩም። ሃይደራባድ ለሥራ ሄጄ ነበር። የነበርኩት ግን አራት ቀን ብቻ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልጻፍኩት በዚያ ምክንያት አይደለም።

ጋዜጠኞች እንደፈለጉ ይጽፋሉ፤ «ሃያ ዓመት» የሚለውን ከየት እንዳመጡት እንጃ። ያም ሆኖ ልደብቅዎ የማልችለው ነገር አለ። ለውድድሩ ስመዘገብ አንድ ቅጽ ፈርሜያለሁ። «በፎቶው ውስጥ የነበረ ምንም ነገር በእጄ አልተነካም፣ አልተነሳም፣ ቦታውን አልለወጠም» ይላል። እንደዚህ ዓይነት ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ትልቁ ሕግ ይኸው ነው። ዕቃዎን አንስቻለሁ ብዬ ፍርድ ቤት ብምል፣ ሽልማቱም ይቀራል፣ መጽሔቱም ዞር ብሎ አያየኝም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ተመልሼ ሙሽራ ፊት ቆሜ «ፈገግ በይ» ማለት ነው።

ሌላ መንገድ የለም ይሆን? የራሽን ካርድዎ አድራሻው የዚያው ቤት አይደለም? ወተት የሚያመጣልዎ ሰውዬ ቢመሰክርስ? የልብስ ሰፊው ሚስትስ? አናንጋ ባቡ ብልህ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር አያጡም።

ፈርቻለሁ ፒሺማ። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፍም።

ሻል ልኬልዎታለሁ፤ ይደርስዎታል።

ፖልቱ


ኮልካታ
ጁላይ 25 ቀን 1996

ፖልቱ ልጄ፣

ሻሉ ደርሷል። ልብስ ገላ ላይ በሚጣበቅበት በዚህ ወበቅ የሱፍ ሻል! አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ቀለሙ ያምራል።

የጠየቅኸኝን በየተራ ልመልስ። የራሽን ካርዱ የቤቱን ቁጥር ነው የሚለው፤ በአንድ ቁጥር አምስት ቤተሰብ ተመዝግቧል፣ በየትኛው ክፍል ማን እንደሚያድር አይናገርም። ወተት አምጪው ለሃራዳንም ያመጣል፤ «እማዬ፣ እኔን ከዚህ አውጡኝ» ብሎ ለመነኝ። የልብስ ሰፊው ሚስት እመሰክራለሁ አለች። ባሏ ከለከላት፤ ህንፃ ሠሪው አዲሱ ፎቅ ሥር ሱቅ እሰጥሃለሁ ብሎታል። አልፈርድባቸውም። ሱቅ ሱቅ ነው።

ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ዳኛው «ፎቶ አንሺው የት አለ?» አሉ። አናንጋ ባቡ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ ሳላስበው «ታይፎይድ ይዞት ቦምባይ ሆስፒታል ተኝቷል» ብዬ ቁጭ። እግዜር ይይልኝ፣ ድምፄ እንኳ አልተዛባም። ዳኛው አዘኑ፤ «ይማርልዎ» ብለው ለኦገስት 30 ቀጠሩልኝ። እንግዲህ ሰው ከጠየቀህ ታይፎይድ ነበረብህ፤ ቀለል ያለ ነገር ብላ።

ዝናቡ በርትቷል። ከአልጋዬ በላይ ያለው የጣሪያው አግዳሚ ከመሃሉ ጎብጧል፤ ሦስት ቦታ ድስት ደቅኛለሁ። ቤቱ አርጅቷል፣ እኔም አልክድም። አንተ «ሰው ካለበት ቤቱን አያዩትም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ደጋግሜ አሰብኩት። ይህን ጣሪያ ሃያ ዓመት ያቆመው ምን ይመስልሃል? በየክረምቱ መሰላል ላይ ወጥቼ ስንጥቁን ኖራና አሸዋ የምሞላው እኔ ነኝ። የዋርካዋን ችግኝ በየዓመቱ የምቆርጣት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን አንተ «ይተዋት፣ ታምራለች» ስላልከኝ ነው የተውኳት። እኔ ከወጣሁ ያ የምትወደው ፍርስራሽ ሁለት ክረምት አይሞላውም።

ምንም አልጠይቅህም። የጠየቅሁትን ጠይቄ ጨርሻለሁ።

አክስትህ


ቦምባይ
ኦገስት 24 ቀን 1996

ለተከበሩ ፒሺማ፣

እግርዎን እነካለሁ፤ ዛሬ ግን የምነካው አፍሬ ነው።

ምንም አልጠይቅህም ብለውኝ አንድ ወር ሙሉ ምንም አልጠየቁኝም። የላኩልኝ ፖስታ ካርድ እንኳ «ደህና ነህ ወይ» ብቻ የምትል ነች። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያውን የፊልም ጥቅል አወጣሁ። ካነሳሁት ወዲህ አይቼው አላውቅም፤ የተበላሸ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ሰባተኛው ላይ እርስዎ አሉ። ነጭ ሳሪዎን ገመዱ ላይ እየዘረጉ ነው፤ መቆንጠጫውን በጥርስዎ ይዘውታል፤ እኔን ሊቆጡ አፍዎን መክፈት ፈልገው መቆንጠጫው ከልክሎዎታል። እየሳቁ ነው። ከኋላዎ ያ ሁሉ ልስን፣ ያ ሁሉ ስንጥቅ አለ። አዲስ ኖራ የተሞላበት መስመርም ይታያል፤ ያን ቀን አላስተዋልኩትም። ብዙ ሰዓት ተመለከትኩት። ከተሸለመው ይበልጣል። ይህን የምልዎ ላስደስትዎ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው፣ እውነቱን ሳውቅም ተናደድኩ።

ሌላም ልንገርዎ። «ከሃያ ዓመት በፊት ጥለውት የሄዱ» የሚለውን ጋዜጠኛው አልፈጠረውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ወጥ ቤት እርጥብ ልብስ ታቅፈው ቆመው ሳለ፣ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር።

ቃለ መሐላውን ዐርብ ዕለት ፈርሜያለሁ፤ ከዚህ ጋር አለ። ሠላሳ ስድስቱም ፎቶዎች አሉ። ለውድድሩ አዘጋጆችም ጽፌላቸዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሽልማቱን እንድመልስ አዘዙኝ። የመጽሔቱ ሰውዬ ስልክ መደወል አቁሟል። ዲሴምበር ላይ ሁለት ሠርግ ይዣለሁ።

እንዳይጠፋ ብዬ በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። በእርስዎ እጅ ካልሆነ ለሌላ አይሰጥም፤ ሃራዳን እጅ እንዳይገባ ብዬ ነው። ከ30 በፊት ይደርሳል ብለውኛል።

ልጅዎ ፖልቱ


ኮልካታ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1996

ልጄ ፖልቱ፣

«ደረሰ ወይ? ምን ሆነ?» የሚለው ቴሌግራምህ ትናንት ገባ። ደርሷል። ልንገርህ፤ ተቀመጥና አንብብ።

ፖስተኛው ያንተን የአደራ ደብዳቤ ይዞ የመጣው ኦገስት 30 ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት እፈርማለሁ ብትለው እምቢ አለ። «በተቀባይዋ እጅ ብቻ ይላል» አላት። ልክ ነው፣ እንደዚያ ይላል። እኔ በዚያ ሰዓት ዳኛው ፊት ቆሜ ነበር።

የሃራዳን ጠበቃ ፎቶህን በትልቁ አሳጥቦ አምጥቷል። አንተ እልክልዎታለሁ ያልከኝን ያህል ትልቅ። የዳኛው ጠረጴዛ ላይ አቆመው።

«ይህን ያነሳው ማነው?» አለኝ።

«የወንድሜ ልጅ።»

«ሥሩ ላይ ማንም አይኖርበትም ይላል። እርስዎ ደግሞ እኖርበታለሁ ይላሉ። እንግዲህ የወንድምዎ ልጅ ውሸታም ነው ማለት ነው?»

አናንጋ ባቡ በዓይኑ «አዎ በይ፣ አዎ በይ» ይለኛል። ሃራዳን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። ሚስቱንም ይዟት መጥቷል፤ የሰፈሩም ሰው አለ። አንተን ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ «ወንድሜ የተወልኝ ልጅ፣ እንደ አባቱ ቀጥ ያለ» ስል ኖሬያለሁ። ወረቀት የለኝም፣ ደብዳቤ የለኝም፣ አንድ ወር ሙሉ ዝም ብለሃል። ላንተ ማዳላቴ መሰለኝ።

«ልጁ አይዋሽም» አልኩ።

«እንግዲያው ክፍሉ ባዶ ነበር?»

«ፎቶው ላይ እንደሚታየው ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የዋሹ ሴት ልጆችን ጣት በማስመሪያ የመታሁ አስተማሪ፣ እንዲያ አልኩ። አናንጋ ባቡ ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። እስከ ሴፕቴምበር 29 ልቀቂ ተባልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ፖስተኛው ተመልሶ መጣ። ፈርሜ ተቀበልኩና ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አለቀስኩ ፖልቱ። የተናደድኩም እንዳይመስልህ። አንተ ለእኔ ብለህ ስምህን ስትጥል፣ እኔ ላንተ ብዬ ቤቴን ስጥል፣ በአንድ ቀን ተላለፍን፤ ያ ነው ያስለቀሰኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰባተኛው ላይ አፌ ጠማማ ነው። ቢሆንም ወድጄዋለሁ።

አሁን የሚከተለውን ልብ ብለህ አንብብ። አናንጋ ባቡ ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። ወረቀትህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የእኔ ቃል ተቃራኒ ሆኖ ተመዝግቧልና። አንተ ራስህ መጥተህ መቆም አለብህ። ያ ጠበቃ አሁን የሚጠይቀው አንተን ነው። «አክስትህ እዚህ ቆመው ልጁ አይዋሽም ብለዋል። ዋሽተዋል ነው የምትለው?» ይልሃል። ሃራዳን ፊት፣ ሚስቱ ፊት፣ የሰፈሩ ሰው ፊት። አናንጋ ባቡ «የእናንተ ቤት ልጅ በአባቱ እህት ላይ ይህን አፍ አውጥቶ ይናገራል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነው የምጽፍልህ። አሳድጌሃለሁና አውቅሃለሁ፤ እዚያ ስትደርስ አክብሮት ይይዝህና ምላስህ ይተሳሰራል።

እንዳይተሳሰር። «አዎ፣ አክስቴ ዋሽታለች» በል። ለስለስ አታድርገው፣ «ምናልባት ተሳስታ ይሆናል» አትበል። እኔ ያን ቀን እንደዚያ ብዬ ብናገርብህ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ደህና ነበርን። ያከበርኩህ መስሎኝ ጎዳሁህ፤ አንተ ደግሞ አትድገመው።

ከቦምባይ የሚመጣው ባቡር በመጪው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ሃውራ ጣቢያ ይገባል አሉኝ። በቀጥታ ወደ ቤት ና። ማንም በማይኖርበት ክፍል ውስጥ ሂልሳ ዓሣ ጠብሼ እጠብቅሃለሁ።

አክስትህ ኒሃርካና